የሃያ ሁለት ዓመት ነጥብ

ሉዋን ኦልድሮይድ ቁጭ ማለት አታውቅም። እናቷ በሕይወት ሳሉ «ይቺ ልጅ ከሆዴ የወጣችው በእግሯ እየሄደች ነው» ይሉ ነበር፤ የሸለቆው ሰውም እስከ ዛሬ ይህንኑ ይደግማል። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስብከቱ ሳይጋመስ ዐይኗ ሕፃን የያዘች እናት ይፈልጋል፤ ካገኘች ሕፃኑን ተቀብላ በኮሪደሩ ላይ ታመላልሰዋለች፤ እንቅልፍ ወስዶትም አታስቀምጠውም። ባል አግብታ ነበር። ሰውየው ደግ ሰው ነው፤ ግን ማታ ማታ ሶፋ ላይ ተዘርግቶ ሚስቱ ከጎኑ እንድትቀመጥ የሚፈልግ ዓይነት ነበረና አልዘለቁም። ሥራዋ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ነው፤ ሃያ አራት ዓመት ነድታዋለች። ተቀምጠውም እየሄዱ የሚሠሩት ሥራ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው የመረጠችው ይላሉ፤ ውሸት አይመስልም።

የዚያ ዓመት መጋቢት ግን ከወትሮውም የባሰ ሆነባት። ሰበቡ አባቷ ነበሩ።

አባቷ ቨርል ኦልድሮይድ ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቷቸዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ አልፋልፋ የሚባለውን የከብት መኖ ሲያጭዱና በግ ሲያረቡ የኖሩ፣ ሚስታቸውን ከቀበሩ አራት ዓመት የሆናቸው፣ ከልጃቸው ቤት ሁለት አጥር አለፍ ብሎ በተወለዱበት ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በእኛ ሸለቆ ሰው የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በሣር መሬቱና በነጥቡ። ኤልክ የሚባለው ባለ ቅርንጫፍ ቀንድ አጋዘን ትልልቅ ኮርማዎቹ ባሉበት ተራራ ላይ ማደን የሚቻለው በዕጣ ነው። ዕጣ ያልወጣለት ሰው በዓመት አንድ ነጥብ ይያዝለታል፤ ነጥቡ የበዛ ይቀድማል። የወጣለት ደግሞ ነጥቡ ሁሉ ይጠፋና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ቨርል ሃያ ሁለት ነጥብ አላቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስት ሰው ብቻ የሚገባበትን አንድ የሰሜን ተራራ ሲጠይቁ፣ «ዘንድሮም አልወጣም» ሲባሉ፣ «ይሁን» ሲሉ ኖረዋል። ነጥብ እንደ መሬት ለልጅ አይወረስም፤ ሰውየው ሲሞት አብሮት ይሞታል። ሰማንያ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ ከአንድ ጀምሮ የትም እንደማይደርስ ለማንም አይጠፋውም።

ማመልከቻውን መሙላት የቨርል የራሳቸው ሥራ ነበር። መጋቢት ሲገባ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የአደን መመሪያውን ዘርግተው፣ አሮጌውን ኮምፒውተር በሁለት ጣት እየወቀሩ፣ ማንንም ሳያማክሩ ይጨርሱታል። በዚያ ዓመት ግን አንድ ማክሰኞ ማታ ሉዋን ዳቦ በወተት አቅርባላቸው፣ እሷም እንደ ልማዷ ቆማ ስትበላ፣ መመሪያውን በጣታቸው ገፋ አደረጉላት።

«ዘንድሮ አንቺ ምረጪልኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«ተራራውን። የሰሜኑን ተይው፣ አይወጣም። የሚወጣውን ምረጪ።»

ይህን ብለው ወተታቸውን ጠጥተው ተነሡ። ሉዋን ግን ደነገጠች። ይህ ሰው ጨው አቀብሉኝ ብሎ የማያውቅ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ቀኝ ጉልበታቸው ተቀዶ ብረት ገብቶበታልና ነገሩን ሁሉ በጉልበታቸው ተረጎመችው። አባቴ እጁን ሰጠ አለች በልቧ። የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠበችው።

ምርጫው ሁለት ነበር። አንደኛው ሎንግ ፍላት ነው፤ በስተ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚነዳበት፣ ግራጫ ቁጥቋጦ ብቻ የበቀለበት ገላጣ አገር። አደኑ በኅዳር ነው። መኪና የማይገባበት ቦታ የለም፤ ጉልበቱን የታመመ ሰው ፒክአፑ ውስጥ ተቀምጦ በመነጽር ሲቃኝ ውሎ፣ ያየውን ሲያገኝ ወርዶ፣ ጠመንጃውን አስደግፎ ከሦስት መቶ እርምጃ ይተኩሳል። ኮርማዎቹም የተመሰገኑ ናቸው። ሁለተኛው ኮልድ ሆሎው ነው፤ ከቤታቸው ጀርባ ያለው ተራራ። ጥድና አስፐን የሚባለው ግንደ ነጭ ዛፍ የተጠላለፈበት፣ ቁልቁለቱ ፍየል የሚያስቸግር፣ አጠገብህ እስኪደርስ እንስሳ የማይታይበት ጫካ። አደኑ በመስከረም ነው፤ ኮርማዎቹ ሴት ፍለጋ የሚጮሁበት ወር። መጠናቸው ግን መካከለኛ ነው፤ ማንም ሰው ሃያ ሁለት ነጥብ ይዞ ኮልድ ሆሎውን አይጠይቅም።

ሁለቱንም ስታስበው አንዱ ከአንዱ አይሻልም። ሎንግ ፍላት ለጉልበታቸው ይሆናል፤ ግን አባቷ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሲያድኑ አይታ አታውቅም፤ እንዲህ የሚያድነውን ሰው ቨርል «ተሳፋሪ» ነው የሚሉት። ኮልድ ሆሎውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ግን በብረት ጉልበት ይገድላቸዋል። ሎንግ ፍላት ብላ ሞላች። በማግሥቱ ሰረዘች። ኮልድ ሆሎው አለች፤ ምሳ ሳትበላ ሰረዘች። ሁለት ልብ ሆና እንዲህ ስትል ሦስት ጊዜ ሞልታ ሦስት ጊዜ ሰረዘች።

ያልጠየቀችው ሰው የለም። የአውቶቡሱን መካኒክ ጠየቀች። የጥርስ ሐኪሙን አፏ በጥጥ ተሞልቶ እያለ ጠየቀችው፤ እሱም ሎንግ ፍላት አለ። የአንድ ጎረቤት ቀብር ላይ አይብ የፈሰሰበትን ድንች ስታድል፣ የሴቶች ማኅበሩን ሰብሳቢ በአንድ እጇ ጭልፋ እንደያዘች ጠየቀቻቸው። ሴትየዋ፣ «እህት ሉዋን፣ ሟች ገና ጉድጓድ አልገቡም» አሏት፤ ቀጥለው ግን ሎንግ ፍላት ይሻላል አሉ።

ወንድሟ ኮርት ደግሞ በየቀኑ ይደውላል። ከተማ ነው የሚኖረው፤ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የኮርማ ቀንድ በኢንች እየለካ በስልኩ መዝግቦ የሚይዝ ሰው ነውና ሌላ ወሬ የለውም። ሎንግ ፍላት እንጂ ሌላ ስም እንዳትጠሪ፣ ሃያ ሁለት ነጥብ ጫካ ውስጥ ካባከንሽ እኔ ወንድምሽ አይደለሁም ይላታል። ነጥብ ማባከን በእኛ ሸለቆ ቀላል ነገር አይደለም። ከሚስቱ የተጣላ ይታረቃል፣ መጠጥ በሚከለክለው ቤተ ክርስቲያናችን በቢራ የተያዘ ይቅር ይባላል፤ ሃያ ነጥብ አውጥቶ ትንሽ ኮርማ ጭኖ የተመለሰ ሰው ግን ልጆቹ ተድረው እስኪያልቁ ይወራበታል።

በዚህ ሁሉ መሐል ዐይኗ ሥር ያለውን አላየችም፤ ወይም አይታ አላየሁም አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ። አባቷ በብርዱ ወራት ሰው ሲያናግሩ አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል ማድረግ ጀምረው ነበር፤ ዶሮ ፍሬ ልትለቅም ስትል እንደምታደርገው። እሷ እርጅና ያመጣው ኩራት መሰላት። ጋዜጣ አቁመዋል፤ «ምን የሚነበብ አለው» ይላሉ። ወተት ሲቀዱ ጣታቸውን በብርጭቆው አፍ ላይ አንጠልጥለው፣ ወተቱ ጣታቸውን ሲነካ ያቆማሉ። ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ እርሻ ካልሆነ መኪና አያወጡም፤ እሱንም በእግረኛ ፍጥነት። እሷ ግን ጉልበት፣ ጉልበት እያለች የጉልበት ቅባት ትገዛላቸዋለች።

ማመልከቻው ሊዘጋ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁርጡን ልወቅ ብላ አባቷን ፒክአፑ ላይ ጫነችና ወደ ሎንግ ፍላት ነዳች። መንገዱን ሁሉ እሷ ስታወራ እሳቸው ዝም ብለው ሄዱ። ከአንድ ጉብታ ላይ ቆመው ስትቃኝ፣ ሩቅ ከነጭ ቋጥኝ በስተ ግራ አሥር የሚሆኑ ኤልኮች አየች። ኤልክ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ አዲስ ያበቅላል፤ ከመካከላቸው አንድ ኮርማ ግን ገና አልጣለም፤ ሌሎቹ ጥለው እሱ ብቻ ዘግይቷል። ትልቁን የሩቅ ማሳያ መነጽር ከመያዣው አውጥታ በመስኮቱ መስታወት ላይ አጣበቀች፣ በግምት ወደ ቋጥኙ አዞረችው፣ «እይ አባዬ፣ ከነጩ ድንጋይ በግራ» አለችና እሷ በአንገቷ ያለውን የጦር ሜዳ መነጽር አነሣች።

ቨርል ጎንበስ ብለው ዐይናቸውን አስጠጉ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«አየኸው?»

«አየሁት» አሉ። «ጥሩ ኮርማ ነው። ሰፊ ነው።»

«ስድስት በስድስት ነው አይደል?» በየቀንዱ ስድስት ቅርንጫፍ ማለቷ ነው።

«ስድስት በስድስት ነው።»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላል ሰው። ሉዋን ደስ ብሏት መነጽሩን ልትነቅል ከመኪናው ወርዳ በውጭ በኩል ስትዞር፣ ከፊቱ ላይ ጥቁሩ የጎማ ክዳን እንደተደፈነ አየችው። ሳታነሣው ነው የሰጠቻቸው። አባቷ የጨለመ ቱቦ ውስጥ አይተው ኮርማ አመስግነዋል።

ክዳኑን ቀስ ብላ ነቅላ ኪሷ ከተተችው። ቨርል በመስኮቱ በኩል አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ወደ እሷ አቅጣጫ ይመለከታሉ፤ ፊታቸው ላይ ያለው ፈገግታ የጨዋ እንግዳ ፈገግታ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ወደ ቤት ስትነዳ ሉዋን ኦልድሮይድ አንዲት ቃል አልተናገረችም። በሕይወቷ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው ራሷም አታውቅም። ክዳኑ ኪሷ ውስጥ ነው፤ እጇ በየደቂቃው እየገባ ይነካዋል። እሑድ ሕፃን ተቀብላ ኮሪደሩን አሥራ ስምንት ጊዜ ዞረችው። ሰኞ አንድ ፌርማታ አልፋ ሄዳ ተማሪዎቹ ጮኸው አስቆሟት፤ በሃያ አራት ዓመት ሆኖ አያውቅም። አፏን ከከፈተች አባቷ መኪናቸውን ያጣሉ፣ ጠመንጃቸውን ያጣሉ፣ ምናልባትም ብቻቸውን የሚኖሩበትን ቤት። አፏን ከዘጋች የማያይ ሰው ጠመንጃ ይዞ ጫካ ሊገባ ነው። ማመልከቻውንም ብትተወው ሃያ ሁለቱ ዓመት እንዲሁ ውሃ በላው ማለት ነው። ፈራች፤ ከሁሉ በላይ ግን ተናደደች፤ በእሳቸውም በራሷም፣ በዚያ ሁሉ የጉልበት ቅባትም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱን መልሳ በቀጥታ አባቷ ቤት ሄደች። ቨርል ጎተራው ደጃፍ ላይ ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠው፣ የተበጠሰ የፈረስ ልጓም በመርፌ ይሰፋሉ። እጃቸውን አያዩም፤ አውራ ጣታቸው ነው ቀዳዳውን የሚፈልገው። ሉዋን ፊታቸው ቆመችና ክዳኑን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

በጣታቸው አገላበጡት። «ጎማ ነው» አሉ።

«የመነጽሩ ክዳን ነው። ቅዳሜ ስታይበት ሳላነሣው ነው የሰጠሁህ።»

ቨርል መርፌውን ቆዳው ላይ ሰኩት።

«እኔም እንዴት እንዲህ ጨለመ ብዬ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ጨለማው የኔ መስሎኝ።»

ሉዋን ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባ ሆነ፤ ፊቷን አዙራ ጎተራውን በጫማዋ መታችው። እሳቸውም ቀስ እያሉ ነገሩን ነገሯት። የቀኝ ዐይናቸው መሐሉ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አንድ ሰው አውራ ጣቱን ፊታቸው ላይ እንደደቀነ ነው፤ ዳር ዳሩን ብቻ ያያሉ። ግራውም ጀምሮታል፤ ግን እስከ ሃምሳ እርምጃ ገና ይታመናል። በሽማግሌዎች ማመላለሻ መኪና ተሳፍረው፣ የጉልበት ሐኪም ዘንድ ነው ብለው፣ የዐይን ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር። መድኃኒት የለውም፤ ማዘግየት እንጂ።

«ስድስት በስድስት ያልከውስ?»

«ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ አሜን ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ምረጪልኝ ያልከኝ…»

«መመሪያውን ማንበብ አቅቶኝ ነዋ። ምን መስሎሽ ነበር?»

ምን እንደመሰላት አልነገረቻቸውም። ለምን ደበቅከኝ ብትላቸው፣ «ለኮርት ትነግሪዋለሽ፤ ኮርት ደግሞ ምሳ ሳይደርስ ቁልፌን ይወስዳል» አሏት። ሐሰት የለውም። ሰኞ ዕለት ለኮርት ልትደውል ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥታ ነበር።

ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያላት። ጥርስ ሐኪሙን ጠይቃለች፣ መካኒኩን ጠይቃለች፣ ቀብር ላይ ጭልፋ ይዛ ጠይቃለች። ባለቤቱን አልጠየቀችም።

«አባዬ፣ አንተስ የቱን ትፈልጋለህ?»

ቨርል አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ በዐይናቸው ዳር ፈልገው አገኟት።

«ድምፃቸውን መስማት ነው የምፈልገው» አሉ። «እሱን ነው ገና ያልተወሰደብኝ።»

ኤልክ የሚጮኸው በመስከረም ነው፤ መስከረም ደግሞ ኮልድ ሆሎው ነው። እዚያ ተኩስ ከአርባ እርምጃ አይበልጥም። ጉልበት ሲባል የከረመው ሁሉ ዐይን ሲባል ተገለበጠ፤ ለሚያይ ሰው የተመሰገነው ገላጣ ሜዳ ለሳቸው ምንም ነው፤ ያ የተናቀ ጫካ ግን ያላቸውን ሁሉ ይጠቀምበታል። ሸለቆው ውስጥ ደግሞ እንደ ቨርል ድምፁን በቱቦ አስመስሎ ኮርማ የሚጠራ አልነበረም፤ ዛሬም የለም።

«አንድ ነገር አለ» አለች ሉዋን። «የመኪናውን ቁልፍ ስጠኝ።»

«ጠመንጃውስ?»

«ጠመንጃው እስከ መስከረም ያንተ ነው። በግራህ ትለማመዳለህ፣ እኔ ቆሜ አያለሁ። ቁልፉን ግን ዛሬ ነው የምትሰጠኝ።»

ቨርል ልጓሙን አንሥተው አስቀመጡት። ከዚያ ኪሳቸው ገብተው ቁልፉን አወጡና ከጎማው ክዳን ጋር አንድ ላይ መዳፏ ላይ አደረጉት። ሉዋን ወደ ወጥ ቤት ገብታ ኮልድ ሆሎው ብላ ሞላች። አራተኛዋ ነበረች፤ አልሰረዘቻትም።

በግንቦት ዕጣው ወጣ። ኮርት ስልክ ላይ ሃያ ደቂቃ ጮኸ፤ ሃያ ሁለት ነጥብ ለጥድ ቅጠል ሰጠሽው፣ አባባን በዚያ ጉልበት ገደል ልትሰጂው ነው፣ ሰው ምን ይለናል አለ። ሉዋን ስልኩን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ግቢውን እየዞረች ሰማችውና ደህና ዋል አለችው። የአባቷ ዐይን ነገር የአባቷ ነው፤ መንገር ሲፈልጉ ይነግሩታል።

የሙቀቱን ወራት ሙሉ ከጎተራው ጀርባ የድርቆሽ እስር ደርድረው፣ አርባ እርምጃ ለክተው፣ የወረቀት ሳህን እየሰኩ ተለማመዱ። ዕድሜውን ሙሉ በቀኝ ትከሻው ለተኮሰ ሰው በግራ መተኮስ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ሳምንት ሳህኑን የነካ ጥይት የለም፤ ቨርል በግራ ትከሻቸው ላይ እንደ ፕሪም የጠቆረ ሰንበር ይዘው ቤተ ክርስቲያን ተቀመጡ። ሰኔ ሲያልቅ ከአምስት ሁለት፣ ሐምሌ ሲያልቅ አራት መቱ፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሉዋን የምትለቅመው ሳህን ሁሉ ቀዳዳ ነበረው። ሕጉ የታወቀ ነው፤ ፈቃዱ የሳቸው ስለሆነ ሌላ እጅ አይተኩስበትም። ሁለተኛውን ሕግ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው በስምንት ዓመቷ ያስተማሯት ነው፤ ዐይንህ ጠግቦ ያላየውን ጣትህ አይነካውም። እሷ ካየች ትከሻቸውን ትነካለች፤ እሳቸው ካዩ ይተኩሳሉ፤ ካላዩ የለም።

መስከረም ገባ። ቦታው ከመኪናው ሦስት መቶ እርምጃ ነበር፤ በሁለት ምርኩዝ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። የመጀመሪያውን ጠዋት ሉዋን አበላሸችው፤ እግሯን ስትቀያይር እንጨት ሰበረች። ሁለተኛውን ጠዋትም እሷው አበላሸችው፤ የጃኬቷን ዚፕ አሥር ጊዜ ከፍታ ዘጋች፤ እየቀረበ የነበረው ኮርማ ድምፁን አጥፍቶ ሄደ። ማታ ዳቦ በወተት ሲበሉ አባቷ፣ «ሉ፣ ኤልኩ የኔን ዐይን አይፈራም፤ ያንቺን እግር ነው የሚፈራው» አሏት። ያን ሌሊት በራሷ ላይ እንደተቆጣች ተኛች።

ሦስተኛው ጠዋት ቨርል ቡት ጫማዋን አስወለቋት። በካልሲ፣ ጀርባዋን ለወደቀ ግንድ ሰጥታ፣ ከጎናቸው አስቀመጧትና ግራ እጃቸውን ጉልበቷ ላይ ጫኑት።

«ዛሬስ ክዳኑን አንሥተሻል?» አሉ በሹክሹክታ።

ከዚያ የጥሪ ቱቦውን አፋቸው ላይ አደረጉና ጠሩ። ድምፁ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ እየሾለ ሄዶ በማቃሰት አለቀ። ጸጥ አለ። ከወዲያ ማዶ አንድ ኮርማ መለሰ፤ የተቆጣ ነው። ቨርል ጠበቁ፤ ደግመው ጠሩ። አሁን ጆሯቸው ሥራውን ያዘ። «ወንዙን ተሻገረ» ይሏታል፤ እሷ የሰማችው ነገር የለም። «ቀንዱን ዛፍ ላይ እያሸ ነው።» «ብቻውን ነው።» ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ መዳፋቸው ይከብዳል። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ የእርጥብ ጋጣና የሽንት ሽታ። ከዚያ ሉዋን አየችው፤ ከአስፐኖቹ ጀርባ፣ ጥላው ውስጥ፣ ሠላሳ እርምጃ።

ትከሻቸውን ነካች። እጃቸው ከጉልበቷ ተነሥቶ ጠመንጃውን ያዘ። አንገታቸው ዘንበል አለ፣ ተቃና፣ እንደገና ዘንበል አለ። ጠመንጃው ዝም አለ።

«አላየሁትም» አሉ በትንፋሽ።

ኮርማው ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል። ትንፋሹ ይጨሳል። «ትንሽ ወደ ግራ፣ ዝቅ በል፣ አሁን» ብትላቸው ያምኗታል፤ ይተኩሱ ነበር። ቃሉ አፏ ውስጥ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ጥላ ውስጥ ቆሞ ሊሄድባት ነው፤ ጉልበቷን የሚይዝላትም እጅ አሁን የለም። ሉዋን ቃሉን ዋጠችው። ጉልበቷንም ራሷ ያዘችው። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አታውቅም፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቁጭ ብላ አታውቅም።

ኮርማው አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት ተራመደና ብርሃን ላይ ወጣ።

«እሰይ» አሉ ቨርል፤ ተኮሱ።

ሃያ እርምጃ ያህል ሮጦ ወደቀ። እሷ ቀድማ ደርሳ መሞቱን አረጋገጠች፤ እሳቸው በሁለት ምርኩዝ ዘግይተው መጡ። ተንበርክከው ፊታቸውን ሳይሆን እጃቸውን አስጠጉ፤ አንገቱን ዳበሱ፣ ጆሮውን፣ ቀንዱን ከሥሩ እስከ ጫፉ። ቅርንጫፎቹን በጣታቸው ቆጠሩ።

«በዚህ በኩል አምስት። በዚህ ስድስት፤ አንዱ ተሰብሯል» አሉ። «ትንሽ ነው?»

«ትንሽ ነው አባዬ። ሎንግ ፍላት ያየነውን ግማሽ ቢያክል ነው።»

«ያየነውን?»

እሷ ግንዱን ተደግፋ ሳቀች፤ እሳቸውም ኮርማው ላይ ተደግፈው ሳቁ። ከዚያ ወዲያው እግሯ አስነሣት። ፀሐይ ሳትበረታ ሆዱ መከፈት አለበት፣ ሥጋው መበለት አለበት፣ የጎረቤት ፈረስ ያስፈልጋል፣ ለኮርት መደወል አለበት፣ ቡት ጫማዋም የት እንደሆነ ጠፍቷታል። ቢላዋውን ስትፈልግ አባቷ እጇን ይዘው ወደ ታች ሳቧት።

«ተቀመጪ። ዐይንሽን ጨፍኚና እኔ እንዳየሁት እዪው።»

እጇን በስድስቱ በኩል ካለው ቀንድ ሥር አስቀመጡላት። ሥሩ ሻካራና ወፍራም ነው፣ የጥድ ሙጫ ተጣብቆበታል፤ ወደ ላይ ሲሄድ ይለሰልሳል፤ ጫፉ እንደ ጥርስ የተወለወለ ነው። ቶሎ ቶሎ ቆጠረች።

«አምስት» አለች።

«ስድስት ነው። ቸኮልሽ። እንደገና።»

ሥጋውስ ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ዐይኗን እንደጨፈነች ከሥሩ ጀመረች።